3,926 ገጽ ማን ያንብብልን? የካናዳ ነባር ሕዝቦች በማዕድን ግምገማ ለመሳተፍ ገንዘብ የሚጠይቁበት መንገድ

በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኑናቩት ውስጥ፣ ክላይድ ሪቨር የምትባል የኢኑዊት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) መንደር አለች። ኩባንያዎች በአካባቢው ባሕር በድምፅ ሞገድ ነዳጅ ለመፈለግ ፈቃድ ጠየቁ። የመንደሩም ሰው የራሱን ጥያቄ አቀረበ። ድምፁ አድነን የምንበላቸውን የባሕር እንስሳት ምን ያደርጋቸዋል? መልሱ በሰነድ መጣ። 3,926 ገጽ። ኢንተርኔት ላይ ተለጠፈ፣ ለመንደሩ ቢሮም ተላከ። የቀድሞው ከንቲባ ፋይሉን ለማውረድ ሞክረው አልቻሉም። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፣ ፋይሉ ግዙፍ ነው። ወደ ኢኑክቲቱት ቋንቋ የተተረጎመው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነበር።

በሐምሌ 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘው። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፍርድ ቤቱ ከጠቀሳቸው ጉድለቶች አንዱ ለነዋሪዎቹ መሳተፊያ የሚሆን ገንዘብ አለመሰጠቱ ነው። ጉዳዩ የነዳጅ እንጂ የማዕድን አልነበረም። የማዕድን ኩባንያም ቢሆን ግን ከቁፋሮው በፊት ይዞ የሚመጣው ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት የሚያነብ፣ አንብቦም "እዚህ ጋ ስህተት አለ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው በነፃ አይሠራም።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ሰሜን ኦንታሪዮ ውስጥ ለአንድ የፈርስት ኔሽን (ከኢኑዊትና ከሜቲስ ሌላ ያሉት ነባር ሕዝቦች እንዲህ ይባላሉ) ቢሮ የግምገማ በጀት አዘጋጅቻለሁ፣ ደረሰኝ ሰብስቤያለሁ፣ ተመላሽ ሲከለከልም አይቻለሁ። በአማርኛ የምጽፈው ካናዳ ውስጥ በሒሳብ፣ በውኃ ምርመራና በምህንድስና ሙያ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያጋጥማቸው የኛ ሰዎች ስላሉ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ "እዚያ እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ የሚጠይቀኝም ዘመድ አለ።

አንደኛ፦ ፕሮጀክቱ በየትኛው ሕግ እንደሚገመገም ለዩ

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው ይህ ነው። በፌዴራል ደረጃ በ2019 ሥራ ላይ የዋለ የተፅዕኖ ግምገማ ሕግ አለ፣ ፕሮጀክቱ ከመፈቀዱ በፊት በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው የሚመረመርበት ማለት ነው። የሚያስፈጽመው የካናዳ የተፅዕኖ ግምገማ ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው ለተሳታፊዎች የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም እንዲኖረው ሕጉ ራሱ ያስገድደዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ አንገታችሁን አትድፉ። ምጽዋት እየለመናችሁ አይደለም።

ሁሉም ማዕድን ግን እዚያ አይደርስም። አዲስ የብረታ ብረት ወይም የወርቅ ማዕድን በፌዴራል ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በቀን 5,000 ቶንና ከዚያ በላይ ማምረት የሚችል ሲሆን ነው። ሬር ኧርዝ ለሚባሉት፣ ለኤሌክትሮኒክስ ለሚውሉት ማዕድናት ልኩ 2,500 ቶን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጉዳዩ የክፍለ ግዛቱ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ደግሞ የራሱ አሠራር አለው። በቀን 4,800 ቶን የሚል ዕቅድ ካያችሁ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ፕሮጀክቱ ከልኩ በታች ቢሆንም የፌዴራሉ ሚኒስትር እንዲገመገም ሊያዝዙ ይችላሉ፣ ማንም ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።

ዩኮን፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና ኑናቩት ከሆናችሁ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ግምገማውን የሚያካሂዱት የየአካባቢው ቦርዶች ናቸው። በእነርሱ ግምገማ ለሚሳተፉ የሚሆን የሰሜን ተሳታፊዎች የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፣ የሚያስተዳድረውም የነባር ሕዝቦችንና የሰሜንን ጉዳይ የያዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ግራ ከገባችሁ ሁለቱም ጋ ደውሉ። አንዱ "የኛ አይደለም" ካላችሁ "ታዲያ የማነው?" በሉ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

ሁለተኛ፦ ቀን ቁጠሩ

ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በፌዴራሉ ሕግ የመጀመሪያው የዕቅድ ምዕራፍ 180 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ነው ኩባንያው ምን ምን እንዲያጠና የሚወሰነው። ያኔ ያላነሳችሁትን ጉዳይ በኋላ ማስገባት ዳገት ነው። ከዚያ ኩባንያው ጥናቱን ለማቅረብ እስከ ሦስት ዓመት አለው። ካቀረበ በኋላ ኤጀንሲው የሚገመግመው በ300 ቀን ነው፣ በገለልተኛ ፓነል (ለጉዳዩ በተሰየመ የባለሙያዎች ቡድን) የሚታይ ከሆነ እስከ 600 ቀን ሊሄድ ይችላል።

ልዩነቱን ልብ በሉት። ለጻፈው ሦስት ዓመት፣ ለሚያነበው፣ ፓነል ካልሆነ፣ ከዓመት በታች።

ገንዘቡም የሚከፈተው በየምዕራፉ ነው። ለዕቅዱ አንድ ጊዜ፣ ለጥናቱ ግምገማ ሌላ ጊዜ። ማስታወቂያው በኤጀንሲው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ፣ በፕሮጀክቱ ገጽ ይወጣል። አንድ ሰው መድቡና በየሳምንቱ ይመልከት። የድጋፍ ውሉ ላይ ከተጠቀሰው ቀን በፊት ያወጣችሁት ወጪ አይመለስም። ስለዚህ "ገንዘቡ ይመጣል" ብላችሁ አማካሪ አትቅጠሩ። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሌላም የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ከኦታዋ የማይታይ። በሰሜን ኦንታሪዮ የክሪ (ከፈርስት ኔሽኖቹ አንዱ) መንደሮች በሚያዝያና በግንቦት የዝይ አደን ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቢሮው ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። በመከር የሙስ አደን አለ። ሙስ ግዙፍ የአጋዘን ዘር ነው፣ አንዱ ቤተሰብን ክረምቱን ሙሉ ይመግባል። የሕዝብ አስተያየት ማብቂያ ቀኑ በዝይ አደን መካከል ከዋለ ማንም አይመጣም። ያን ጊዜ ወዲያው ደብዳቤ ጻፉ። ቀኑ እንዲራዘም ጠይቁ፣ ምክንያቱንም ግለጹ። ባይራዘም እንኳ ደብዳቤው መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፦ በጀት ከመጻፋችሁ በፊት ሰው ሰብስቡ

ብዙ ቢሮ ይህን ይዘልለዋል። አማካሪ ይጠራል፣ አማካሪው ካለፈው ፕሮጀክት ያለውን በጀት ቀድቶ ይሰጣል። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንዲሁ ነበር ያሰብኩት።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነበር። ሾርባና የተጠበሰ ዳቦ ቀርቧል፣ ልጆች ጥግ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የኩባንያው ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አንዲት ሽማግሌ አሉ፣ መንደሩ ሁሉ ኮኩም ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉና ጣታቸውን አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ላይ አሳረፉ። ካርታው "ጅረት 7" ይላል።

"ይቺ ስም የላትም እንዴ?" አሉ።

ስም ነበራት። በኦጂብዌ ቋንቋ ነገሩን። ከዚያም በረዶው እንደቀለጠ ዋልአይ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ መሆኑን፣ እናታቸው መረብ የሚዘረጉበትን ድንጋይ ሳይቀር ተረኩ። ካርታው ላይ ያንኑ ጅረት የሚያቋርጥ መንገድ ተሠምሯል።

በጀታችን ያን ቀን ተለወጠ። የዓሣ ባለሙያ ገባ። ጊዜው ፀደይ ሆነ፣ ምክንያቱም በነሐሴ ሄዶ "ዓሣ አላየሁም" የሚል ጥናት ለማንም አይጠቅምም። ኮኩምና አንድ ወጣት በጀልባ እየመሩ እንዲያሳዩ የቀን ክፍያ ተመደበላቸው። ማመልከቻው ውስጥ ከአማካሪ የተቀዳ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ያዙ። ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ውኃው፣ ዓሣው፣ መንገዱ፣ የሥራ ካምፑ ከመንደሩ ያለው ርቀት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማን ሊመልሰው እንደሚችል ጻፉ። በጀት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛ፦ በጀቱ

እዚህ ጋ ቀስ ብለን እንሂድ።

ከንባቡ እንጀምር። የተፅዕኖ መግለጫው፣ ማለትም ኩባንያው የሚያቀርበው ጥናት፣ የክላይድ ሪቨሩን ያህል 3,926 ገጽ ነው እንበል። አንድ ባለሙያ በሰዓት 20 ገጽ በጥንቃቄ ቢያነብ 196 ሰዓት ይፈጅበታል። ለሰዓት 150 ዶላር ብናስብ 29,400 ዶላር ሆነ። ይህ ለማንበብ ብቻ ነው፣ ገና አልጻፈም፣ መንደሩም አልመጣም። ስሌቱን እንዲህ አድርጋችሁ ማመልከቻው ውስጥ አስገቡት። "የባለሙያ ክፍያ 30,000" ብሎ መጻፍና ሰዓቱን ዘርዝሮ ማሳየት አንድ አይደሉም። ከዚያ ምዕራፍ ምረጡ። አንድ ሰው ሁሉንም አያነብም። የዓሣው ሰው የዓሣውን፣ የውኃው ሰው የውኃውን።

አንድ ባለሙያ ብቻ መቅጠር ከቻላችሁ የኔ ምርጫ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ የሚያውቅ የአፈር መሐንዲስ ነው። ማዕድን አለት ፈጭቶ የሚፈልገውን ይወስድና የቀረውን ከውኃ ጋር ግድብ ውስጥ ያከማቻል። ነሐሴ 4 ቀን 2014 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የማውንት ፖሊ ማዕድን ግድብ ሲደረመስ ወደ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃና ዝቃጭ ወደ ሐይቆቹ ወረደ። ገለልተኛ መሐንዲሶች ሲመረምሩ ምክንያቱ ከግድቡ ሥር ያለ፣ ዲዛይኑ በቅጡ ያላገናዘበው ደካማ የሸክላ ንጣፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ነገር ተራ አንባቢ ከወረቀት ላይ አያገኘውም።

ውጤት ያለው ክርክርም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቴክኒካዊ ነጥብ ላይ ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት የፅልቆቲን ሕዝብ ቴዝታን ቢኒ የሚሉትን ሐይቅ ከአንድ የወርቅና የመዳብ ፕሮጀክት ለማዳን ለዓመታት ታግሏል። የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቱን በ2010 ውድቅ አደረገው። ኩባንያው ሐይቁን ሳይነካ እንደሚሠራ ገልጾ በአዲስ ዕቅድ ተመለሰ። ፓነሉ ግን ከዝቃጭ ማጠራቀሚያው የሚሰርገው ውኃ ኩባንያው ከገመተው በላይ እንደሚሆን ደመደመ። በ2014 መንግሥት ድጋሚ እምቢ አለ። አንድ የስርገት ቁጥር ላይ የተደረገ ሙግት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ከሙግቱ ጎን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ስለ ቦታው የሰጡት ምስክርነት ነበር። ሁለቱም ወጪ አላቸው፣ ሁለቱም በበጀት ይገባሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦

አስተባባሪ። የግማሽ ቀንም ቢሆን ደመወዝ ያለው ሰው። ያለ እሱ ኢሜይሉ ሁሉ ቀድሞውንም ሥራ የበዛበት አንድ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

ለሽማግሌዎች የሚሰጥ አበል። ባለሙያው በሰዓት ሲከፈለው አዋቂዋ ሴት በቡና ብቻ እንዳይሸኙ። መጠኑን መንደሩ ራሱ ቀድሞ በጽሑፍ ይወስን።

አስተርጓሚ። "ዝቃጭ" ወይም "ስርገት" የሚለውን በኦጂብዌ ወይም በክሪ ለማስረዳት ዝግጅት ይጠይቃል፣ ስለዚህ የዝግጅቱንም ሰዓት ጨምሩ። አማርኛ ተናጋሪ ይህ ሊከብደው አይገባም። እኛም የውል ወረቀት ተተርጉሞልን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግራ የገባን ቀን አለ።

ጉዞ። መንገድ የሌላቸው መንደሮች አሉ፣ በክረምት በበረዶ ላይ በሚሠራ መንገድ ካልሆነ በአውሮፕላን ብቻ የሚገባባቸው። አየሩ ከተበላሸ ባለሙያው ሁለት ቀን ተጨማሪ ያድራል። እነዚያን ሁለት ቀኖች አስቀድማችሁ አስቧቸው።

ጥቃቅኖቹ። ሕትመት፣ ትልቅ ካርታ፣ የምግብ ወጪ፣ ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ክፍያ፣ ለበረዶ ሞተር ነዳጅ። ከሽማግሌ ዕውቀት ስትጠይቁ ትንባሆ መስጠት እዚያ ወግ ነው። እኛ ቡና ሳናፈላ ሽማግሌ እንደማናስቀምጥ ቁጠሩት። የትኛው ወጪ እንደሚያልፍ ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረውን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የማያልፈውን ከሌላ ኪስ ሸፍኑ።

አምስተኛ፦ ማመልከቻው

ይህ ቀላሉ ነው። ቅጹ ማን እንደሆናችሁ፣ ፕሮጀክቱ መብታችሁንና አካባቢያችሁን እንዴት እንደሚነካ፣ በገንዘቡ ምን እንደምትሠሩና ምን ውጤት እንደምታቀርቡ ይጠይቃል። በሦስተኛው እርምጃ ያገኛችሁትን ጥያቄ እዚህ አስቀምጡ። የመንደራችሁን ምክር ቤት ውሳኔ አያይዙ። ማመልከቻውን የሚያየው ከግምገማው ቡድን የተለየ ኮሚቴ ስለሆነ ስለ እናንተ የሚያውቀው የጻፋችሁትን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ከጠየቃችሁት ያነሰ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሲቀነስ የትኛው ሥራ እንደሚቀር ቀድማችሁ ደረጃ አውጡለት። እንዲህ ካልሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሽማግሌዎቹ መስመር ነው።

ስድስተኛ፦ ሁለተኛው ኪስ

የመንግሥቱ ድጋፍ ሁሉንም አይሸፍንም። ስለዚህ ብዙ ማኅበረሰብ ከኩባንያው ጋርም የወጪ ስምምነት ይፈራረማል። አንዳንዱ "የኩባንያ ገንዘብ ከነካን ተሸጥን" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጥናቱን ያመጣው ኩባንያው ነው፣ የማንበቢያውን ወጪ ቢከፍል አያስገርምም። ጣጣው ያለው ውሉ ላይ ነው።

ሦስት ነገር ያለማወላወል አስገቡ። ገንዘቡ ስምምነት ወይም ድጋፍ ማለት እንዳልሆነ። ባለሙያውን የምትመርጡትም የምታዝዙትም እናንተ መሆናችሁን። ሪፖርቱ መጀመሪያ ለእናንተ እንደሚደርስ። ኩባንያው "እኛ በምናውቀው አማካሪ" ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ለሁለቱም ወገን ደግሞ ከሌላው ምን እንዳገኛችሁ አሳውቁ። አንድን ደረሰኝ ሁለት ቦታ ማቅረብ የቢሮውን ስም ያጠፋል፣ ስም ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

ለተከራካሪ ወገን የሕዝብ ገንዘብ መስጠት ካናዳ ውስጥ ቆየት ያለ ነገር ነው። በ1970ዎቹ ዳኛ ቶማስ በርገር በማኬንዚ ሸለቆ የታቀደውን የጋዝ ቧንቧ ሲመረምሩ በአካባቢው ያሉ 35 መንደሮችን ዞረዋል። ነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም ባለሙያ ቀጥረው እንዲከራከሩ ገንዘብ እንዲያገኙ አድርገዋል። በ1977 ያወጡት ሪፖርት ግንባታው ለአሥር ዓመት እንዲቆይ መከረ።

ለአዲስ አበባው ዘመዴ፦ የኛም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299/1995 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው)፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። አንብቦ የሚያስረዳውን ሰው ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ግን አይነግርህም። የገንዘቡ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ሰባተኛ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ስለ ሽማግሌዎቹ ዕውቀት ጠንቀቅ በሉ። የመድኃኒት ሥር የሚለቀምበት ቦታ፣ መቃብር፣ የማደኛ ሥፍራ አንዴ ካርታ ላይ ወጥቶ ከተለጠፈ አይመለስም። የፌዴራሉ ሕግ በምስጢር የተሰጠ የነባር ሕዝቦች ዕውቀት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይገለጥ ይከለክላል፣ ለሕግ ሥርዓትና ለፍትሐዊ አሠራር ሲባል ግን የማይሠራበት ሁኔታ አለ። ፈርስት ኔሽኖች ስለ መረጃቸው የሚጠቀሙባቸው አራት መርሆዎች አሉ፦ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና መያዝ። እነዚህን በውሉ ውስጥ አስገቡ። ቅጂው በማን ኮምፒውተር እንደሚቀመጥ ሳይቀር ጻፉ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የክላይድ ሪቨርን ጉዳይ በወሰነበት ቀን ሌላም ውሳኔ ሰጥቷል። ኦንታሪዮ ውስጥ የቴምስ ቺፔዋዎች የሚባሉ ፈርስት ኔሽን በአንድ የነዳጅ ቧንቧ ተከራክረው ተረቱ። እነርሱ መሳተፊያ ገንዘብ አግኝተው ነበር፣ ችሎት ፊት ቀርበውም ተናግረዋል። ፍርድ ቤቱ ይህን ቆጥሮ ማማከሩ በቂ ነበር አለ። ገንዘቡ ለእናንተ እንደሚያገለግል ሁሉ ለመንግሥትም "አማክሬያለሁ" ለማለት ያገለግላል ማለት ነው። ስለዚህ ካነሰ፣ ከዘገየ፣ ቀኑ ካልበቃ፣ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አስታውቁ። "ከጠየቅነው ይህን ያህል ተቀንሶ የውኃውን ምዕራፍ ልናስገመግም አልቻልንም" የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ዋጋ አለው።

ስምንተኛ፦ ደረሰኝ

የኔ ክፍል ነው፣ ታገሡኝ።

ድጋፉ በአብዛኛው የሚመጣው ካወጣችሁ በኋላ ነው። ከፊሉን ቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ ጠይቁ። የቀረው ግን በደረሰኝ ነው። አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ስብሰባ አካሂደን ለ14 ሽማግሌዎች አበል በጥሬ ገንዘብ ከፈልን። ስማቸውንና መጠኑን ጻፍኩ። ፊርማ አላስፈረምኩም። አሥራ አራቱም አልተቀበሉልንም። ስደውል የመለሰችልኝ ሴት ትሁት ነበረች፣ መልሷ ግን "ፊርማ" የሚል አንድ ቃል ነው። እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁለቱ ወደ አደን ወጥተዋል፣ አንዷ ሆስፒታል ናቸው። ሦስቱን ቢሮው ከኪሱ ከፈለ።

ከዚያ በኋላ አንድ የቡና ጣሳ በር ላይ አስቀመጥኩ። የነዳጅም የምግብም ደረሰኝ ወደ ጣሳው። ከጎኑ የፊርማ ወረቀት፦ ስም፣ ቀን፣ መጠን፣ ምክንያት፣ ፊርማ። መጻፍ ለማይመቻቸው ምልክት አድርገው ምስክር ይፈርማል። ጣሳው ሞኝ ይመስላል፣ ግን ሠራ። ማታ ማታ ደረሰኞቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። በሙቀት የሚታተመው ወረቀት በስድስት ወር ነጭ ይሆናል።

ዘጠነኛ፦ ሪፖርቱን የራሳችሁ አድርጉት

የባለሙያውን ሪፖርት ወደ መዝገቡ ከመላካችሁ በፊት መንደሩ ይስማው። በአዳራሹ፣ በቋንቋቸው፣ ከካርታ ጋር። ቀጥሎ ይላክ።

ከዚህም አልፈው የሄዱ አሉ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በካምሉፕስ ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ የመዳብና የወርቅ ማዕድን ሲታቀድ የአካባቢው የሰክዌፕምክ ሕዝብ የመንግሥትን ግምገማ ብቻ አልጠበቀም። የራሱን ግምገማ በራሱ ሕግ አካሄደ፣ ከቤተሰቦች የተወከሉ ሰዎች ማስረጃ ሰሙ። ፒፕሴል የሚሉት ቦታ የተቀደሰ ነውና በመጋቢት 2017 እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ፈቃዱን ከለከለ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በጀቱ ከፍ ይላል፣ ጊዜውም እንዲሁ። አቅሙ ካላችሁ ግን ከመጀመሪያው ቀን አስታውቁ፣ በመሐል የሚገባ ነገር አይደለም።

ግምገማው አልቆ ማዕድኑ ቢፈቀድስ? መሳተፊያ ገንዘቡ እዚያ ያበቃል፣ ማዕድኑ ግን ገና ይጀምራል። በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ያለው ኤካቲ በ1998 ሥራ የጀመረ የካናዳ የመጀመሪያው የአልማዝ ማዕድን ነው። ከመከፈቱ በፊት በ1997 በተፈረመ የአካባቢ ስምምነት ገለልተኛ የክትትል ተቋም ተቋቋመለት። ወጪውን የሚሸፍነው ኩባንያው ነው፣ የቦርዱን አባላት ከሚሾሙት መካከል ነባር ሕዝቦች አሉበት። እንዲህ ያለውን ጠይቁ። የምትጠይቁት ግን ፈቃዱ ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ የኩባንያው ሰዎች ስልክ የሚያነሱበት ፍጥነት ይቀንሳል።

እኛ ቢሮም የክትትል ረቂቅ በጀት ተሠርቷል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው የኮኩም ጅረት ነው፣ በስሟ። ግንቦት፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ አሥር ቀን።